ከብርቱካኑ ሥር ያለው ሳጥን

የልጅ ልጄ ሲሳይ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሠፈር ወዳለው ቤቴ ይመጣል። ናፍቄው እንዳይመስላችሁ፤ የኔ ቴሌቪዥን ከሱ ቴሌቪዥን ስለሚሰፋ ነው። አንድ ተከታታይ ፊልም ይዞታል። ወፋፍራም ፈረንጆች አንድ ደሴት ላይ ተሰብስበው፣ ድሮ የባሕር ወንበዴ የቀበረው ሀብት አለ ተብሎ፣ መሬቱን ሲያርሱት ይውላሉ። ስንት ክፍል እንዳየን እኔ እንጃ። እስካሁን ያገኙት አንድ የዛገ ሚስማርና አንድ ሰባራ ሸክላ ነው፤ ለሱም ተቃቅፈው አጨበጨቡ። እኔ ሽንኩርቴን እየላጥኩ አብሬ አያለሁ፣ አሾፍባቸዋለሁ። ባለፈው እሑድ ግን አንደኛው ሰውዬ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ድጅኖውን ሲሰነዝር ቋ አለ። ብረት ብረትን ሲመታ ያለው ድምፅ ነው። ሽንኩርቱ ከነሳህኑ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ እኔ ሁለት እጄን ሆዴ ላይ ጭኜ ቆሜያለሁ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። እዚህ ሆድ ውስጥ የሚጠበቅ ነገር ካለቀ ቆይቷል፤ እጄ ግን አልረሳውም።

"አኮ፣ ምን ሆንሽ?" አለኝ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አባቴ ከቡልጋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፣ ቢሆንም እኛ ቤት ተወልዶ "አያቴ" ያለኝ ልጅ የለም። ምንም አልሆንኩም አልኩት። ሲሳይ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፣ ሠላሳ ሊሞላው ነው፤ ያን ፊልም ሲያይ ግን ዓይኑ የሕፃን ይሆናል። "እኔና ሁለት ጓደኞቼ እኮ ከመሬት ውስጥ ብረት የሚለይ ማሽን ልናስመጣ ነው" አለኝ። ምን ልታደርጉበት አልኩት። "አንቺና አባባ ድሮ የነበራችሁበት የጣሊያን ቤት ጓሮ ውስጥ ወርቅ አለ ይባላል አይደል? አባባም ቆፍሮ ነበር አሉ።" አባባ የሚለው ባሌን ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ማን እንደነገረው አልጠየቅኩትም፤ ይህ ከተማ ሌላው ቢረሳ የወርቅ ወሬ አይረሳም። "ቴሌቪዥኑን ዝጋውና ቁጭ በል" አልኩት። ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ያን ቀን ለሱ ነገርኩት። ለናንተም ልንገራችሁ።

ጃንሆይ ገና ነበሩ። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፣ ቦላሌ ሱሪ ከአዲስ አበባ መምጣት የጀመረበት ጊዜ ነው። እሱን የማውቀው ባሌ ተርፋሳ ልብስ ሰፊ ስለነበረ ነው። የአርጆ ልጅ ነው፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ፣ ረዥም፣ ጣቶቹ ቀጫጭን። የስፌት መኪናውን የዓረቡ ሱቅ በረንዳ ላይ ዘርግቶ ይሠራል። ካኪ ቁምጣ በሰባ አምስት ሳንቲም፣ ሱሪ በብር ከስሙኒ ይሰፋል። ተማሪዎቹ ቦላሌውን ከታች አስፋው፣ አሁንም አስፋው ይሉታል፤ እሱም "እግርህን ነው የምለካው ወይስ የቤትህን በር?" ይላቸዋል። ሸራ ጫማ ሦስት ብር ነበር፣ ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ አምስት። ዓረቡ ባለ ቆዳ ሽፋን ራዲዮኑን መስኮቱ ላይ ያስቀምጥልናል፣ ሙሉ ቀን ዘፈን ነው። ተርፋሳ የመኪናውን ፔዳል ከዘፈኑ ጋር ነበር የሚረግጠው። ፈጣን ዘፈን ከመጣ አንድ ሱሪ ባንድ ጊዜ ያልቅለታል፤ የትዝታ ዜማ ከመጣ ግን ሥራው ይጎተታል፣ ደንበኛም ይቆጣል። አሁን በዚያ መንገድ ሳልፍ ፎቅ ነው፣ መስታወት ነው፣ በየበሩ የሚጮኸው ሙዚቃ እርስ በርሱ ይጣላል። የቱ ጋ ቆሜ ተርፋሳን መጀመሪያ እንዳየሁት እንኳ ይጠፋብኛል። ጭቃው ብቻ ያው ነው፤ የነቀምቴ ቀይ ጭቃ ያኔም ጫማ ያወልቅ ነበር፣ አሁንም ያወልቃል።

ቤቱ የት እንደነበረ አልናገርም፣ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል። ጣሊያን የሠራው የድንጋይ ቤት ነው፤ ቆርቆሮው ዝጓል፣ የመስኮቶቹ መዝጊያ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ተላልጧል። ሁለት ክፍል በወር ስምንት ብር ነበር የምንከራየው። እንዲህ የረከሰው ሰው ስለሚፈራው ነው። ጣሊያኑ በመስኮት ያያል ይሉ ነበር። ጓሮው ውስጥ አንድ ብርቱካን አለ፣ እሱም ጣሊያን የተከለው፤ ፍሬው ከሎሚ ይብሳል፣ ሲቀምሱት ፊት ያጨማድዳል። እዚያ የገባነው የመጀመሪያ ልጄ በአምስት ወሩ ከወረደብኝ በኋላ ነው። ቤት ብንቀይር ይሻልሻል አለኝ ተርፋሳ፤ አሰበልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ እሱ ያሰበው ሌላ ነው።

ነገሩን ያመጣው ጋሽ ይመር ነው። ጋሽ ይመር ጣሊያን ከወሎ ይዞት የመጣ ወጥ ሠሪ ነበር፤ ጣሊያን ሲሄድ እሱ ቀረ፣ ከዓረቡ ሱቅ ጎን ሻይ ቤት ከፈተ። ፓስታ በቲማቲም ሠርቶ በሃምሳ ሳንቲም ይሸጣል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ የተቀበለ ቀን እዚያ ነው የሚሰለፈው። አንድ ወሬ አለችው፣ ደንበኛ በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ያወራታል። "ወላሂ በዓይኔ ነው ያየሁት" ይላል። "እንግሊዝ መጣ መጣ እየተባለ ካምፑ ተተራምሷል። እኔ ድንጋይ ቤቱ ውስጥ ለሚኖረው መኮንን ምግቡን እስከ በሩ አደርሳለሁ እንጂ ወደ ውስጥ አያስገባኝም፣ ያን ሰሞን ማንንም አያስገባም። ዝናብ ነው። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ፣ ሰውዬው ቆቡን አውልቆ፣ በሸሚዙ ሆኖ፣ ራሱ ይቆፍራል። ስንት ወታደር እያለው! ከዚያ የጥይት ሳጥን አመጣ፣ ይሄን የሚያህል። እንዲህ በሁለት እጁ ታቅፎ አመጣው፤ አስገባው፤ አፈር መለሰበት። ከዚያ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። ያ ሁሉ ወርቅ እንዴት አያስለቅስ! ትቶት ሊሄድ እኮ ነው።" በረንዳው ላይ ያለው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ወለጋ ወርቅ አለ፣ ጣሊያን ወርቅ ሲያስቆፍር ነበር፣ ጣሊያን ሳጥን ቀብሮ አለቀሰ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? አንድም ሰው ሌላ ነገር አላሰበም። እኔም አላሰብኩም።

ተርፋሳ የራሱን ሱቅ ይፈልግ ነበር። የመስታወት መስኮት ያለው፣ ስሙ በቀለም የተጻፈበት፣ ዝናብ የማያባርረው ሱቅ። ሁለተኛውን ልጅ ፀንሼ አራት ወር ሲሞላኝ "ልጄ የበረንዳ ልጅ አይባልም" ማለት ጀመረ። በሰኔ ወር ደግሞ ምቹ ነገር መጣለት። የማዘጋጃ ቤቱ ሳኒተሪ፣ የጽዳት ተቆጣጣሪው፣ በየቤቱ እየዞረ ሽንት ቤት ያልቆፈረ ይቀጣል አለ። በቃ፣ ተርፋሳና ጋሽ ይመር በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት፣ ማንንም ሳይፈሩ ጓሯችንን መቆፈር ጀመሩ። የተፈራው ሌላ ነበር። ከመሬት የወጣ ሀብት የመንግሥት ነው ይባላል፣ ደብቆ የተገኘ ደግሞ እስር ቤት ነው። ሳኒተሪው ጉድጓዳችንን ሲያይ እንዴት እንደተደሰተ ብነግራችሁ አታምኑም። በዱላው ለክቶ "ሽንት ቤት ማለት እንዲህ ነው!" አለ፤ በሳምንቱ የሠፈሩን ሰው ሰብስቦ አምጥቶ ያስጎበኝ ጀመር። ሰው በጉድጓዱ ዙሪያ ተኮልኩሎ አንገቱን ሲያሰግግ ተርፋሳ ላቡ በጆሮው ላይ ይወርዳል፣ ጋሽ ይመር የሐሰት ሳል ይስላል። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያኔ ግን እስኪሄዱ እጸልይ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የምፈራው ግን አዴ ቀነኒን ነበር። አዴ ቀነኒ፣ አዴ እንደ እትዬ ነው፣ ከኛ ቤት ዝቅ ብላ ብቻዋን የምትኖር አንጮቴ ሻጭ ናት። አንጮቴ የወለጋ ሥራሥር ነው፣ ድንች ይመስላል፣ ያመመው ሰውና አራስ ሲበላው ያጠነክራል ይላሉ። ዕድሜዋ ሃምሳ አይሞላም፤ ለኔ ግን አሮጊት ነበረች። ቤቱን ከተከራየን ጀምሮ በገበያ ቀን ሁሉ ወደ ቤቷ ስትመለስ ትገባለች። "አካም ጂርታ?" ብላ ደህንነቴን ትጠይቃለች፣ ሁለት ሦስት አንጮቴ ከቅርጫቷ አውጥታ ደጃፉ ላይ ታስቀምጣለች፣ ሳንቲም ብሰጣት አትቀበልም። ከዚያ ጓሮ ሄዳ ብርቱካኑ ሥር እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት "ደክሞኝ ነው፣ ኢንተላ ኮ" ትለኛለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። ስትወጣ ዓይኗ ሆዴ ላይ ይቀራል። "ስንተኛ ወርሽ ነው? ቀኑን ትቆጥሪያለሽ?" ትለኛለች። ሌላ አትጠይቅም። ልጅ የሚወርድባት ሴት እንዲህ ያለ ዓይን ምን እንደሚያደርጋት አትጠይቁኝ። ቡዳ ናት ብዬ ደመደምኩ። እሷ ስትመጣ ጋቢ እደርባለሁ፣ ጤና አዳም መቀነቴ ውስጥ እወትፋለሁ፣ አንጮቴዋን ሳልነካ ለጎረቤት እሰጣለሁ። ተርፋሳ ደግሞ በሌላ ጠርጥሯታል። "በጣሊያን ጊዜ እዚህ ቤት ልብስ ታጥብ ነበር ይላሉ" አለኝ። "ሳጥኑን ታውቀዋለች። የምትመጣው ልትጠብቀው ነው።" አንድ ነገሩስ ልክ ነበር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጉድጓዱ ሰው ይውጣል፣ ግን ባዶ ነው። ጋሽ ይመር ዲጋ ድረስ ሄዶ አዋቂ ጠይቆ መጣ። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። "ገብስማ ዶሮ ይታረድበት ብሏል" አለ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞ እዚያ ቤት የፀነሰች ሴት ካለች ትጠንቀቅ ብሏል። ሀብቱ ያለ ምትክ አይለቅም፣ በነፍስ የተያዘ ነው ብሏል።" እጄ ሆዴ ላይ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው እንግዲህ እዚያ መኖር የለመደው። ልጁ ሲንቀሳቀስ እፈራለሁ፤ ሳይንቀሳቀስ ሲውል ደግሞ ይብሳል። ተርፋሳ የሚሲዮን ልጅ ሆኖ በዶሮ ደም ማፈሩ አልቀረም፣ ሆኖም ገብስማዋን ገዛ። ሰው እንዳያይበት ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ሥር አሰራት፣ ላዩ ላይ ጨርቅ ዘረጋ። የዓረቡ በረንዳ ላይ መዝሙሩን እያንጎራጎረ ሲሰፋ ዶሮዋ ከሥሩ ትመልስለታለች። ዛሬ ነገ ሲል ሳያርዳት እንቁላል ጣለች።

"ተርፋሳ ተው" አልኩት አንድ ቀን፣ ምሳውን ሳቀርብ። "እኔ ወርቅ አልፈልግም። ልጄን ነው የምፈልገው።" እጄን ያዘኝ። "ለሱ ብዬ እኮ ነው፣ አንቺ። አዋቂ የሚባል ነገር አላምንም፣ ታውቂኛለሽ።" "ዶሮዋስ?" አልኩት። ምሳውን መብላት ቀጠለ። በማግሥቱ ዝናብ የጠገበው የጉድጓዱ ግድግዳ ተደርምሶ እስከ ወገቡ ቀበረው። ጋሽ ይመር ገመድ ሲጥል እኔም ሮጬ ያዝኩ፣ ጎተትን። ወጣ፤ እኔን ግን ሆዴን ቆረጠኝ፣ ተኛሁ። ሦስት ቀን ተኛሁ። አንደኛው ልጅ ሲወርድ የነበረውን ሕመም እያንዳንዱን አውቀዋለሁ፣ አንድ በአንድ ሲመጣ እየጠበቅኩ ተኛሁ። አዴ ቀነኒ ሳትጠራ መጣች፣ የተቀቀለ አንጮቴ በወተት ፈጭታ በጣሳ አቀረበችልኝ። ከንፈሬን ገጠምኩ። እሷም ገባት። ጣሳውን መልሳ ዓይኔ እያየ ግማሹን ጠጣች፣ አፏን በእጇ ጠርጋ ቀሪውን ሰጠችኝ። እኔ ግን ስትወጣ ከአልጋው ጀርባ ደፋሁት። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ያመኛል።

ልጁ አልወረደም። ተርፋሳ ቢያንስ ይደነግጣል ብዬ ነበር፤ ጋሽ ይመር ግን አሁን አስታወስኩ አለ። ጣሊያኑ የቆፈረው ከአጥሩ ሳይሆን ከብርቱካኑ በኩል ነበር፣ ዛፉ ያኔ ችግኝ ስለነበረ ነው የተሳሳትኩት አለ። ተርፋሳም አዴ ቀነኒ የምትቀመጠው እዚያው እንደሆነ ትዝ አለውና አዲስ ጉድጓድ ከብርቱካኑ ሥር ተጀመረ። አዴ ቀነኒ በገበያ ቀን ስትመጣ አየችው። አልተቀመጠችም። ቆማ "እዚህስ ለምን?" አለች፤ ተርፋሳ የፊተኛው ውሃ ያቋጥራል አላት። ወደኔ ዞር ብላ እንደ ልማዷ ስንተኛ ወርሽ ነው ትለኛለች ስል፣ አላለችም። ፊቷ አመድ መስሎ ወጣች። እኔ ደግሞ ወርቁ ሊወሰድባት ነው ብዬ ፊቷን አነበብኩ።

ነሐሴ ሊያልቅ ነው። ቀትር ላይ ካፊያ ነው፣ እኔ በጓሮ በር ቆሜ አያለሁ፤ ሰባት ወሬ ነው። ጋሽ ይመር ከላይ አፈር ይጎትታል፣ ተርፋሳ ከታች ነው። ቋ አለ። የጎረቤት ራዲዮ፣ ዝናቡ፣ ከመንገድ የሚሰማው የሎንችና ጥሩንባ፣ ሁሉም ዝም ያለ መሰለኝ። "ብረት ነው" አለ ተርፋሳ። ድምፁ የሱ አይመስልም። ጭቃውን በጣቶቹ ሲጠርገው የሳጥን ክዳን ታየኝ፣ ማዕዘኑ ላይ አረንጓዴ ቀለም አልለቀቀም። ሆዴ ውስጥ ልጁ ፀጥ አለ። አሁን ነው አልኩ፤ ምትኩን የሚወስደው አሁን ነው። ልጮህ አፌን ስከፍት የግቢው በር ተከፈተ፣ አዴ ቀነኒ ቅርጫቷን ተሸክማ ገባች። ገበያ ቀን አልነበረም። ከመንገድ ሰምታው ይሁን ወይ ልቧ ነግሯት እስከ ዛሬ አላውቅም። ቅርጫቱን ለቀቀችው፣ አንጮቴው እየተንከባለለ ጉድጓድ ገባ። አልጮኸችም። ጠርዙ ላይ ተቀመጠች፣ በቂጧ ተንሸራትታ ወረደች፣ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች።

"ተነሺ አዴ" አለ ተርፋሳ። "ድርሻ ከፈለግሽ እንነጋገራለን።"

"ድርሻዬ ይሄው ነው" አለች። "ሌላ የለኝም።"

ጋሽ ይመር ከላይ ሆኖ "ምን አልኩህ! ታውቃለች ብዬህ አልነበረም? አንሳት" አለ። እሷ ግን ሁለቱንም አላየቻቸውም። ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

"ኢንተላ ኮ፣ አንቺ ይገባሻል" አለችኝ። "ሰማንያ ሊሞላት አሥራ አምስት ቀን ነው የቀራት።"

ተርፋሳ የሚሲዮን ልጅ ነው፣ ጋሽ ይመር እስላም ነው፤ ቁጥሩ ለነሱ ምንም አላላቸውም። እኔ ግን ገባኝ። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በአርባ ቀን፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ትነሣለች። ከዚያ በፊት የሞተች ቤተ ክርስቲያን አትቀበርም፣ እናቷ ጓሮ ታስቀምጣታለች። እናቴ ከኔ በፊት የሞተባትን ከቤታችን ጀርባ ነው የቀበረችው፤ እኔ ልጅ ሆኜ እዚያ ቦታ እንዳልሮጥ ትከለክለኝ ነበር። ሰውዬው ሳጥን ታቅፎ፣ ራሱ ቆፍሮ፣ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ ሲባል ከሁሉ በፊት ለእኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ወርቅ ዓይኔን ጋርዶኝ ነው።

"ቄሱ አይሆንም አሉ" አለች አዴ ቀነኒ፣ ለኔ ብቻ እንደምትነግር። "የነሱ ቄስ ሸሽቶ ነበር። ሳንቃ አልተገኘም፣ በጥይት ሳጥን አደረግናት። ለሰው አልተናገርኩም። እኔን የጣሊያን እያሉ ድንጋይ ይወረውሩብኝ ነበር፤ እሷም ላይ እንዳይወረውሩ ብዬ ነው።"

ጋሽ ይመር ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ሠላሳ ዓመት ያወራት ወሬ ናት፣ እንዴት ይልቀቃት? "ልትሸውደን ነው" አለ። "ከፍተን እንይ። ልጅ ከሆነች መልሰን እንቀብራታለን፣ ምን አለበት?" ተርፋሳ ድጅኖውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። ዝናብ በፊቱ ይወርዳል። "ምን ላድርግ?" አለኝ። አንድ ምት ነበር የቀረው፤ ክዳኑ የዛገ ነው። አራት ወር ሙሉ የፈራኋት ሴት እግሩ ሥር ተቀምጣለች፣ እጇን ክዳኑ ላይ ዘርግታ፣ ልክ እኔ ሆዴን እንደያዝኩት አድርጋ ይዛዋለች። "ከከፈትከው" አልኩት፣ "እኔ ከዚህ ቤት እወጣለሁ። እኔም፣ ይሄም።" ሆዴን ነው ያሳየሁት። ከዚያ ድጅኖውን ወደ ላይ ወረወረው፣ ጋሽ ይመር እግር አጠገብ ወደቀ። አዴ ቀነኒን ብብቷ ሥር ይዞ አነሣትና አፈሩን መመለስ ጀመረ። እሷም በእጇ እያፈሰች አብራ መለሰች። ጋሽ ይመር ቆቡን አድርጎ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ፓስታውን በልተን አናውቅም። ፊተኛውንም ጉድጓድ ደፈንነው፤ ሳኒተሪው በሳምንቱ መጥቶ ሞዴል ሽንት ቤቱ የት ገባ ቢል ተርፋሳ "ውሃ አገኘን" አለው።

ኅዳር ላይ ወለድኩ። ሴት ናት። ገብስማዋ ዶሮ እንቁላሏን እየጣለች አራስነቴን አወጣችኝ፤ አንጮቴውንም ያን ጊዜ በላሁት፣ ከጣሳው ግርጌ ያለውን ሳይቀር። ግን የአዋቂው ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ሳጥኑን ነክተነዋል፤ ምትኩን አልወሰደም። ቀን እቆጥራለሁ። ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ። ለተርፋሳ አልነገርኩትም፣ ለራሴም ጮክ ብዬ አልቆጠርኩም። ከስልሳ በኋላ ልጅቷን ከእጄ አላስቀምጥም፣ ስትተኛ ጆሮዬን አፏ ላይ አደርጋለሁ። ስልሳ አምስተኛው ቀን ገና ጧት፣ በሩ ተንኳኳ። አዴ ቀነኒ ናት። ቅርጫት አልያዘችም። የሷ ልጅ የሞተችው በዚህ ቀኗ ነው፤ ለካ እሷም ስትቆጥር ነበር። እጇን ታጠበች፣ ልጅቷ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ ትንፋሿ እንዳለ ለማየት ሁለት ጣቶቿን የልጅቷ አፍንጫ ሥር ያዘች። ምሳ ባቀርብ አልበላችም፣ እኔም አልበላሁም። ተርፋሳ ነገሩን ሳይጠይቅ ያን ቀን በረንዳ አልወጣም፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዋለ። አንድ ጊዜ ልጅቷ ሳል ብጤ አለች፣ ሁለታችንም ጎንበስ አልንባት። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አዴ ቀነኒ ተነሣች፣ ጉልበቷ ተንቋቋ። "ደርቤ" አለች። አለፈ ማለቷ ነው። "ነገ ስልሳ ስድስት ናት" አለችኝና ወጣች። በሰማንያኛው ቀን ልጅቷን ክርስትና ስናስነሣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆማ አየኋት። ወደ ውስጥ ግቢ ብላት አልገባችም።

"ያቺ ልጅ እናትህ ናት" አልኩት ለሲሳይ።

የተዘጋውን ቴሌቪዥን ያያል። ፊዚክስ አስተማሪ ነውና መጠየቁ አልቀረም። "ግን አኮ" አለ፣ "ሳይከፈት እንዴት ታወቀ? ጋሽ ይመር እውነቱን ቢሆንስ?" ጋሽ ይመር እስኪሞት ድረስ ያቺ ሴትዮ ወርቄን አስበላችኝ እያለ ሲያማኝ ኖሯል። "ስልሳ አምስተኛውን ቀን ከኛ ጋር ብትውል ኖሮ ይህን አትጠይቀኝም ነበር" አልኩት። አዴ ቀነኒ ከሞተች ቆይቷል፣ የቀበርናት እኛ ነን። ብርቱካኑ ተቆርጧል፣ ቤቱ ፈርሷል፣ ቦታው ሦስት ጊዜ ባለቤት ቀይሯል። ተርፋሳም የለም። ቦታውን ከሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት። አንዳንድ ጊዜ ይህም ያስፈራኛል፤ እኔ ስሄድ ሕፃኗን የሚጠብቃት የለም እላለሁ። ሲሳይ ማሽኑን እንተወዋለን፣ እምልልሻለሁ አለኝ፤ ከልቡ እንደሆነ አይቻለሁ። ከዚያ ተነሥቶ ሽንኩርቱን ከወለሉ ይለቅምልኝ ጀመር፣ ጎንበስ እንዳለ "የት ጋ ነበር ግን?" አለኝ። ልጁን አምነዋለሁ። ያን ቋ የሚል ድምፅ ግን አላምነውም፤ ተርፋሳም ደግ ሰው ነበር። ቦታውን አልነገርኩትም።